ጊልበርትን ማን ጠየቀው?

የታመመ ያለበት ቤት ጠያቂ አያጣም። ብርቱካን በፌስታል ይዞ መግባት፣ «እንዴት አደርክ?» ማለት፣ «እግዜር ይማርህ» ብሎ መውጣት ነው። ቡና የምታቀርበዋን የአሥራ ሦስት ዓመት እህቱን ግን «አንቺስ እንዴት ነሽ?» የሚላት የለም። ቢበዛ «ጎበዝ! እደጊ» ትባላለች።

ይህን ያስታወሰኝ ሰሞኑን ደግሜ ያየሁት «ዋትስ ኢቲንግ ጊልበርት ግሬፕ» የተሰኘው የ1993 (እ.ኤ.አ.) ፊልም ነው። ድርሰቱ የፒተር ሄጅስ፣ ዝግጅቱ የላሰ ሃልስትረም ነው። ጊልበርት በአንዲት ትንሽ የአሜሪካ ከተማ የሱቅ ሠራተኛ ነው። አባቱ ራሱን አጥፍቷል። እናቱ ከዚያ ወዲህ ከልክ በላይ ወፍራ ከቤት አትወጣም። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለበት ታናሽ ወንድሙ አርኒ ደግሞ፣ ለአፍታ ዞር ካሉበት የውኃ ማማው ላይ ነው። ማውረዱም ማጠቡም የጊልበርት ሥራ ነው።

የፊልሙ ትልቁ ድፍረት ጊልበርትን መልአክ አለማድረጉ ነው። አንድ ማታ አርኒን መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ትቶት ይሄዳል፤ ልጁ እዚያው ሲንቀጠቀጥ ያድራል። ሌላ ቀን ደግሞ ይመታዋል። እኔም የሚጥል በሽታ ያለበት ወንድም ነበረኝ። አንድ ቀን ኳስ ስጫወት «ወንድምህ ወደቀ!» ብለው ጠሩኝ፤ ያልሰማሁ መሰልኩ። እስከዛሬ ለማንም አላወራሁትም። ማንስ ጠይቆኝ?

ጊልበርትን ግን አንዲት መንገደኛ ልጅ ምን እንደሚፈልግ ትጠይቀዋለች። አዲስ ቤት ለቤተሰቡ፣ አዲስ አእምሮ ለአርኒ እያለ ይቆጥራል። ለራሱ የሚፈልገውን ለማግኘት ሁለተኛ መጠየቅ ነበረበት። የፊልሙ ምርጥ ቦታ ለእኔ ይኼ ነው።

መጨረሻው ላይ ግን ይልፈሰፈሳል። እናት ትሞታለች፣ ቤቱ ይቃጠላል፣ ወንድማማቾቹን ተጎታች ቤት ይዟቸው ይሄዳል። ሸክሙን ሞትና ፍቅር አቃለሉት ማለት ነው። እኛ ሰፈር ተጎታች ቤት አይመጣም! የኦስካር ዕጩነቱም የደረሰው አርኒን ለተጫወተው ለዲካፕሪዮ ነው። ይገባዋል። ጊልበርትን የተጫወተው ጆኒ ዴፕ ግን አልታጨም። አስታማሚው እዚያም አልታየም።

በእንግሊዝ የ2014ቱ (እ.ኤ.አ.) የሕፃናትና የቤተሰብ ሕግ፣ የአካባቢ አስተዳደሮች አስታማሚ ልጆች ምን እንደሚያስፈልጋቸው እንዲያጣሩ ያስገድዳል። ለእኛ ለጊዜው ጓዳ ድረስ ገባ ማለት ይበቃ ነበር። «ዛሬ እሱ ጋ እኔ እቀመጣለሁ፤ አንቺ ሂጂና ተጫወቺ» ማለት። ብርቱካኑም ቢሆን፣ አንዱ ለእሷ ቢሆን ምን አለበት?