«ሙሉ ሰርቪስ»

በቀደም ባሕር ዳር ላይ የእህቴን ልጅ ብስክሌት ጥገና ቤት አስገባሁ። «ሙሉ ሰርቪስ» ተባልኩ፤ ከፈልኩ። ብስክሌቷ እያብረቀረቀች ወጣች። በማግሥቱ ልጁ ከቤዛዊት ቁልቁለት ሲወርድ ፍሬኑ አልይዝ አለው፤ እግሩን አስፋልት ላይ እየጎተተ ተረፈ።

ሄጄ ብጠይቅ «ጋሼ፣ አጥበን ግራሶ ቀባናት እኮ!» አለኝ ሠራተኛው። አልዋሸም። «ሰርቪስ» ለእሱ ይኸው ነው። እኔስ መቼ ጠየቅሁት?

ለመሆኑ ሰርቪስ ምንድን ነው? ፍሬኑ መያዙን፣ የፍሬኑ ጎማ አለማለቁን፣ ቸርኬው አለመወላገዱን፣ ራጂዎቹ መወጠራቸውን፣ ማርሹ በትክክል መግባቱን፣ ብሎኖቹ መጥበቃቸውን ማየትና ማስተካከል ነው። መታጠቡማ የመጨረሻው ነው። የተለጠጠ ካቴናን ደግሞ ቅባት አያድነውም፤ ካልተቀየረ ጥርሶቹን እየበላ ይሄዳል። ዕቃ ሲቀየር ሒሳቡ ለብቻ ነውና ባለሙያው አስቀድሞ ይናገር፤ ባለቤቱም ይጠይቅ።

እኛ ግን «በቃ ሥራልኝ» ብለን እንሰጣለን፤ እሱም «በቃ ተሠርቷል» ብሎ ይመልስልናል። ተማሪዎቼን «ይህ ቃል ምን ማለት ነው?» እያልኩ ሳስጨንቅ የኖርኩት ሰውዬ፣ ጥገና ቤት በር ላይ አፌ ተያዘ።

ከእንግዲህ ሒሳብ ከመክፈሌ በፊት ፍሬኑን ይዤ እገፋታለሁ። ከቆመች እከፍላለሁ።