አንቱታ ውቅያኖስ ሲሻገር

ባለፈው ክረምት ጌጃ ሰፈር፣ ጎረቤቴ ቤት፣ ከሜሪላንድ የመጣች የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ከርማ ነበር። ተወልዳ ያደገችው እዚያው ነው፤ አማርኛዋ ግን ደህና ነው፣ ከአያቷ ጋር ስታወራ አስተርጓሚ አያሻትም። አንድ እሑድ ቤተሰቡን ሁሉ ይዘን በሜክሲኮ አደባባይ በኩል በእግር ወደ ብሔራዊ ቴያትር ወረድን። ኮሜዲ ነበር። አጋማሹ ላይ የቤት ሠራተኛዋና ጌታዋ ይፋጠጣሉ፤ ሠራተኛዋ አንዲት ዓረፍተ ነገር ትናገራለች፤ አዳራሹ በሳቅ ይናጋል። ልጅቷ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ምን አለችው?» አለችኝ። «ምንም አላለችውም» አልኳት፤ «እርስዎ ማለቱን ተወችው።»

መልሴ አላረካትም። እኔ ግን ያን ምሽት እንቅልፍ ነሳኝ፤ ለዓመታት ስንከራከርበት የኖርነውን ጉዳይ በአንዲት ጥያቄ ገልጣው ነበርና። አዲስ አበባ ላይ ወንበር ያልበቃው ተውኔት አሜሪካ ተሻግሮ ሲቀዘቅዝ ጥፋተኛው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ አቅርቦት። አዳራሹ የትምህርት ቤት ነው፣ መብራቱ አይረባም፣ ዲኮሩ በሻንጣ አልገባ ብሎ ቀርቷል፣ የአሥራ ሁለት ሰው ተውኔት በአምስት ሰው ተሠርቷል። ይህ ሁሉ እውነት ነው፣ እኔም አልክደውም። ግን ለቀዘቀዘው ሳቅ ምክንያት አይሆንም። ሕዝባችን ከዚህ በባሰ አዳራሽ፣ ከዚህ በባሰ ድምፅ ማጉያ ስቆ ያውቃል።

ችግሩ የእኛ ብቻ አለመሆኑን ለማየት እንግሊዞችን መመልከት ይበቃል። በአንድ ቋንቋ ይናገራሉ በሚባሉት በለንደንና በኒውዮርክ መካከል እንኳ ሙዚቃዊ ተውኔት ሲመላለስ ስንቱ መንገድ ላይ ቀርቷል! «ሳላድ ዴይስ» እ.ኤ.አ. በ1954 ለንደን ላይ ተከፍቶ 2,283 ጊዜ ታየ፤ ኒውዮርክ ላይ በ80ኛው ትዕይንት ተዘጋ። «ቼስ» ለንደን ላይ ሦስት ዓመት ገደማ ቆመ፤ ለብሮድዌይ ሲባል ጽሑፉ እንደ አዲስ ተሠርቶለት እንኳ እ.ኤ.አ. በ1988 ከ68 ትዕይንት አላለፈም። «ካትስ» በተቃራኒው ከ7,000 ጊዜ በላይ የታየ የብሮድዌይ ጌታ ሆነ። ድመት ደግሞ የትም አገር ድመት ነው፤ እዚያ ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም።

ቆም ብሎ ሊታይ የሚገባው የዊሊ ራስል «ብለድ ብራዘርስ» ነው። የሊቨርፑል ድሃ እናት መንታ ትወልዳለች፤ አንዱን ልጅ ቤቷን ለምታጸዳላት ባለጸጋ ትሰጣለች። ሁለቱ ልጆች አንድ ደም ሆነው በሁለት አንደበት ያድጋሉ። የለንደን ተመልካች ልጆቹ ገና አፋቸውን ሲከፍቱ የእነማን ቤት ልጆች እንደሆኑ ያውቃል፤ ሰቆቃው ሁሉ በዚያ ላይ ነው የተገነባው። ያ ተውኔት እ.ኤ.አ. ከ1988 እስከ 2012 ዌስት ኤንድን ሳይለቅ ኖረ። ብሮድዌይ ላይ ግን ሐያስያኑ ፊት ነሱት፤ ሁለት ዓመት ያህል የቆየውም ፔቱላ ክላርክና የካሲዲ ወንድማማቾች በስማቸው ተመልካች ስለጠሩለት ነው። አሜሪካዊው ቃሉን አልሳተም። የሳተው በአነጋገሩ ውስጥ የተቀበረውን ማዕረግ ነው። ሜሪላንዳዊቷ ልጅም የሳተችው ያንኑ ነው።

ልዩነቱ ማዕረጉ የተቀመጠበት ቦታ ነው። እንግሊዞች በቅላጼ ላይ ያኖሩታል፤ እኛ በግሥ ላይ። «ተቀመጥ» እና «ይቀመጡ»፣ «ና» እና «ይምጡ»፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ከእልፍኝ እስከ ማድቤት ነው። የእንግሊዝኛ ጸሐፌ ተውኔት ገረዲቱ ማመጿን ሊያሳይ ቢፈልግ ወይ ንግግር ይጽፍላታል ወይ ሰሃን ያሰብራታል። የእኛው ከግሡ ላይ አንዲት ድምፅ ያነሳል፣ በቃ። ተዋናይዋ ድምጿን ከፍ ማድረግ እንኳ አይጠበቅባትም፤ እንዲያውም ዝቅ ብታደርገው ይበልጥ ይጎዳል።

በዚህ ላይ የአማርኛ ግሥ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ሠራተኛዋ «ያንን ሻንጣ... ከዚያ ጥግ... በገዛ እጅ...» እያለች ስትሄድ «ያንሱ» ትበል «አንሳ» የሚያውቅ የለም። ተመልካቹ ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል፤ የማዕረጉ ፍርድ የሚሰጠው ዓረፍተ ነገሩ ሲዘጋ ነው። የሊቨርፑል ቅላጼ ገና በር ላይ ራሱን ያስተዋውቃል፤ የእኛ አንቱታ ግን መውጫው ላይ ነው የሚገለጠው። አንቱ የተባሉ የኮሜዲ ተዋንያኖቻችን በዚያች ክፍተት ውስጥ ነው የሚኖሩት። ከመጨረሻው ግሥ በፊት ኩባያ ያነሳሉ፣ ነጠላ ያስተካክላሉ፣ አንዳንዴ ዘወር ብለው በሩን ያያሉ። አንዳንዶች እንደሚመክሩት ከመድረኩ በላይ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ቢሰቀል፣ ጽሑፉ ያንን ክፍተት ቀድሞ ይበላዋል፤ ቢዘገይ እንኳ የሚጽፈው አንድ «ዩ» ብቻ ነው።

አንቱታ ወደ ታች ብቻ አይሠራም፤ ወደ ላይም ይመታል። ባሏን የተቀየመች ሚስት «ምሳዎ ቀርቧል» ስትል ጥፊ ነው። እናት ሴት ልጇን «አንተ» ስትል ፍቅር ነው፤ ጎረምሳ ጓደኛውን «አንቺ» ካለ ወይ ጨዋታ ነው ወይ ጠብ ሊነሳ ነው። እኛ ሰፈር አንዱ ሰው ሱቅ በር ላይ «ጋሼ»፣ ቀበሌ «አቶ»፣ አመሻሽ ላይ ከጓደኞቹ መሀል «አንተ» ነው፤ በቀን ሦስት ጊዜ ማዕረግ ይለውጣል። ጌጃ ሰፈር ያደገ ልጅ ይህን ትምህርት ቤት ገብቶ አልተማረውም፤ በር ላይ ሲላላክ ለመደው። ባሕር ማዶ ያደገ ልጅ ቃሉን ከወላጆቹ ይወርሳል፤ መላላኩን ግን ከየት ያመጣዋል? በቤቱ ውስጥ እሱን የሚያናግሩት አዋቂዎች ሁለትና ሦስት ናቸው፤ ሁሉም ደግሞ «አንተ» ነው የሚሉት።

ታዲያ ምን ይሁን? መልሱን በከፊል አሜሪካኖቹ ራሳቸው ሰጥተውታል። «ማይ ፌር ሌዲ» የተሠራው ከበርናርድ ሾው «ፒግማሊየን» ነው፤ ጉዳዩ ከእግር እስከ ራሱ የለንደን ቅላጼ ነው። እንዲህ ያለው ነገር ብሮድዌይ ላይ ሊሞት ይገባው ነበር። ግን እ.ኤ.አ. በ1956 ተከፍቶ 2,717 ጊዜ ታየ። ምስጢሩ የመጀመሪያው ትዕይንት ነው፤ አበባ ሻጯ ትጮሃለች፣ ፕሮፌሰሩ ማስታወሻ ይይዛል፣ አንደበት ማለት ዕጣ ፈንታ መሆኑን ጮክ ብሎ ይናገራል። ተመልካቹ ሕጉን እዚያው ይማራል፤ ከዚያ በኋላ ባለው ሁሉ እንደ ለንደን ልጅ ይስቃል። «ብለድ ብራዘርስ» ሕጉን ታውቃለህ ብሎ ይነሳል፤ «ማይ ፌር ሌዲ» ያስተምራል።

ከእኛ ተውኔቶች ሕጉን የሚያስተምር አለ ወይ ከተባለ፣ የመንግሥቱ ለማ «ያላቻ ጋብቻ» አለ። ይህ ሥራ በሥነ ጽሑፍ መማሪያ ክፍል ተከብሮ ተቀምጦ መድረክ ላይ መዘንጋቱ ያሳዝነኛል። ውጭ አገር ተምሮ የመጣ የትልቅ ቤት ልጅ የቤት ሠራተኛውን ሊያገባ ይነሳል፤ ከዚህ በኋላ ማን ማንን ምን ብሎ ይጥራ? ጥያቄው የታሪኩ አጥንት ነው። ሌላው ኮሜዲ እንደ ቅመም የሚነሰንሰውን መንግሥቱ ዋና ወጥ አድርጎ አቀረበው። ሙሽራዋ ባሏን «እርስዎ» ካለች ጋብቻው አልተፈጸመም፤ «አንተ» ካለች የባሏ አክስት ትፈርሳለች። አንድ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ይህን ለመረዳት ጌጃ ሰፈር መላላክ አያስፈልጋትም፤ ተውኔቱ ራሱ ይልካታል።

ተውኔቱ ወደ እንግሊዝኛም ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ1970 ለንደን ላይ ታትሟል። ብዙዎች ይህን ዓለም አቀፍ የመሆኑ ማረጋገጫ አድርገው ይጠቅሱታል። እኔ ተቃራኒውን ነው የማነብበት። በእንግሊዝኛው ታሪኩ አለ፣ ሐሳቡ አለ፣ ያ በግሥ ጫፍ ላይ የሚፈነዳው ነገር ግን የለም፤ ሊኖርም አይችልም። አሜሪካ ላይ መታየት ያለበት አማርኛው ነው።

መንግሥቱ መንገዱን በሌላው አቅጣጫም ሄዶበታል። የፕሪስትሊን «አን ኢንስፔክተር ኮልስ» «ጠያቂ» ብሎ ወደ አማርኛ አምጥቶታል። እንግሊዝኛው መርማሪው ባለጸጋውን አባወራ በምን ማዕረግ እንደሚያናግረው በየዓረፍተ ነገሩ እንዲወስን አያስገድደውም፤ አማርኛ ግን ትንፋሽ አይሰጥም። እያንዳንዱ ጥያቄ ወይ «ያውቋታል?» ነው ወይ «ታውቃታለህ?»፤ መሀል የለም። ያው የእንግሊዝኛ ተውኔት እ.ኤ.አ. በ1947 ብሮድዌይ ላይ ሦስት ወር ሳይሞላው ወርዶ፣ በ1994 በስቲቨን ዳልድሪ አዘጋጅነት ተመልሶ ተወደሰ። ጽሑፉ ያው ነበር፤ የተለወጠው አዘጋጁ ለተመልካቹ የከፈተለት በር ነው። ዳልድሪ በኋላም «ቢሊ ኤሊየት»ን ከነሰሜን እንግሊዝ ማዕድን ቆፋሪዎቹ ብሮድዌይ አስገብቶ አሥር የቶኒ ሽልማት ሲወስድ አነጋገሩን በዳንስ ነበር የደገፈው፤ ጆሮ የሳተውን ዓይን ያዘው።

የእኛ አስጓዦች ግን ኮሜዲው ሲቀዘቅዝ ታሪካዊ ሰቆቃ ያነሳሉ። ካባ፣ ጎራዴ፣ ንጉሥ፣ ቀረርቶ። አዳራሹ ይሞላል፣ ጭብጨባው ገና መጋረጃው ሲከፈት ይጀምራል። ይህን ስኬት ብለው የሚጽፉ አሉ። ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ጎራዴ አይቶ ማጨብጨብ ናፍቆት እንጂ ቴያትር ማየት አይደለም፤ ለናፍቆት ደግሞ ተዋናይ አያስፈልግም፣ ፎቶግራፍ ይበቃዋል። ሙዚቃ ቢሆን ሌላ ነው። በተስፋዬ ለማ የተመራው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1969 አሜሪካን ሲዞር መሰንቆና ዋሽንት አንቱታ አላስፈለጋቸውም።

ዓለምጸሐይ ወዳጆን በዚህ ወቀሳ ውስጥ አላስገባትም። እዚህ የሕፃናትና ወጣቶች ቴያትርን የመራች ባለሙያ ዋሽንግተን ላይ እ.ኤ.አ. በ2000 ጣይቱ የባህልና የትምህርት ማዕከልን አቋቁማ ተውኔትንም የግጥም ምሽትንም ዓመት ከዓመት ማቆየቷ፣ አንድ ሰሞን ከሚታይ ማንኛውም ጉዞ ይበልጥብኛል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ደጋግሞ የሚመጣ ተመልካች ሕጉን ቀስ በቀስ ይማራል። አንድ ቅዳሜ መጥቶ የሚበር ቡድን ለማስተማር ጊዜ የለውም። «ያላቻ ጋብቻ» ከወጣቶች ጋር ተሠርቶ እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ አንድ ዓመት ሙሉ ቢታይ ምን እንደሚሆን ለማየት እጓጓለሁ። ሠራተኛዋን እዚያው የተወለደች ልጅ ብትጫወታት እመርጣለሁ፤ «እርስዎ» ማለት አፏ ላይ ሲከብዳት የሚታይ ልጅ።

ጎረቤቴ ቤት የከረመችው ልጅ ልትሄድ ሦስት ቀን ሲቀራት ሱቅ በር ላይ አገኘኋት። ክረምቱን ሙሉ «አንተ» ስትለኝ ነበር፤ አያቷ ብትቆጣትም እኔ ወድጄው ነበር። ያን ቀን ግን ቀና ብላ አየችኝና፣ «ደህና ይሁኑ፣ ጋሼ» አለችኝ። ያ የቴያትር ቤት መልሴ አስቀይሟት ይሁን ወይ አክብራኝ፣ እስከ ዛሬ አልለየልኝም።