ድግግሞሽ በሳሙኤል ቤኬት ተውኔቶች

የተናገረውን መልሶ የሚናገር ሰው ሲያጋጥመን «ነገር አለቀበት» እንላለን። የአየርላንዳዊውን ጸሐፌ ተውኔት የሳሙኤል ቤኬትን «ጎዶን ሲጠብቁ» የሚመለከት ሰውም ሁለተኛው ገቢር ላይ ሲደርስ ይኸው ወቀሳ ወደ አፉ ሊመጣ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ1953 ፓሪስ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ለመድረክ በበቃው በዚህ ተውኔት፣ ቭላዲሚርና ኤስትራጎን የተባሉ ሁለት ጓደኛሞች አንድ ዛፍ አጠገብ ሆነው ጎዶ የሚባለውን ሰው ይጠብቃሉ። ፖዞ የተባለ ጌታ አገልጋዩን ለኪን በገመድ አስሮ እየነዳ ያልፋል። ሲመሽም አንድ ልጅ መጥቶ ጎዶ ዛሬ እንደማይመጣ፣ ነገ ግን እንደሚመጣ ይነግራቸዋል። በሁለተኛው ገቢርም ጥበቃው፣ መንገደኞቹና የልጁ መልእክት እንደገና ይመጣሉ። ታዲያ ሁለተኛው ለምን አስፈለገ?

ልብ ብለን እንመልከት። ራቁቱን የነበረው ዛፍ ጥቂት ቅጠል አውጥቷል። ፖዞ ታውሯል፤ ለኪ ዲዳ ሆኗል። ኤስትራጎን የትናንቱን ከሞላ ጎደል ዘንግቶታል፤ ልጁም ትናንት የመጣው እርሱ እንዳልሆነ ይናገራል። አጥርቶ የሚያስታውሰው ቭላዲሚር ብቻ ነው። የድግግሞሹ ምሥጢር እዚህ ላይ ነው። ለረሳ ሰው ድግግሞሽ የለም፤ እያንዳንዱ ቀን አዲስ ነው። የሚከብደው ለሚያስታውስ ነው። ቭላዲሚር ልጁን ማየቱን እንዲመሰክርለት አጥብቆ የሚጠይቀውም ስለዚህ ነው። እኛ ተመልካቾችም የመጀመሪያውን ገቢር ስላየን፣ ሳንወድ የእርሱ ምስክሮች ሆነናል። ሁለተኛው ገቢር ቢቆረጥ የሚጠፋው ይህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1963 መጀመሪያ ጀርመን አገር በታየው «ጨዋታ» ደግሞ አንድ ባል፣ ሚስቱና ውሽማው እስከ አንገታቸው በሦስት ጋኖች ውስጥ ሆነው፣ ብርሃን ሲያርፍባቸው ይለፈልፋሉ። ታሪኩ ሲያልቅ ደራሲው ሁሉም ከመጀመሪያው እንዲደገም ያዝዛል። በመጀመሪያው ዙር ማን ከማን ጋር እንደማገጠ ለማወቅ እንጓጓለን፤ በሁለተኛው ወሬውን አስቀድመን ስለምናውቀው ሥቃያቸውን እንሰማለን። ቃሉ ያው ነው፤ የተለወጠው ጆሯችን ነው።

በዘፈናችን አዝማቹ ሲደገም አውጪውንና ተቀባዩን ያገናኛል። የቤኬት ድግግሞሽ ግን የሚያስታውሰውን ብቻውን ያስቀረዋል፤ ጓደኛ የሚሆነው ተመልካቹ ብቻ ነው። እንግዲህ «ደገመው» ብለን ከመቀመጫችን ከመነሣታችን በፊት፣ የመጀመሪያውን ማን እንዳስታወሰ፣ ማንስ እንደረሳ እንጠይቅ።