የእሪያ ሥጋ ክልከላና የጣና ዳር ምስክርነት

አሜሪካዊው የመልክዐ ምድር ሊቅ ፍሬድሪክ ሲሙንስ በ1961 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ይህን ሥጋ አትብሉ» በተባለው መጽሐፉ፣ እሪያ የተከለከለው በሽታ ስለሚያመጣ ነው የሚለውን አሳብ አይቀበልም። በዚህ ረገድ ኢትዮጵያ ትመሰክርለታለች፤ የኮሶ ትል ከጥሬ የከብት ሥጋ ቢመጣም፣ ሕዝቡ ብርንዶን አልተወም፤ የኮሶን መድኀኒት መጠጣትን መረጠ እንጂ።

ይሁን እንጂ ደራሲው የክልከላውን ምንጭ፣ ከብት አርቢ ዘላኖች እሪያ የሚያረቡትን ገበሬዎች ከመናቃቸው ያመጣዋል። ይህ አሳብ ለጥንታዊው ምሥራቅ ቢስማማ እንኳ ከጣና ዳር ሲደርስ ይደክማል። በባሕር ዳርና በሐይቁ ዙሪያ የሚኖሩት ወይጦዎች በደንገል ታንኳ የሚቀዝፉ፣ ጉማሬም አድነው የሚበሉ ነበሩ። ስለዚህም የናቋቸው ዘላኖች ሳይሆኑ በሞፈርና በቀንበር የሚያርሱ ገበሬዎች ናቸው። ወይጦዎቹ ሙስሊም ነን ቢሉም፣ ሙስሊም ጎረቤቶቻቸው ስለዚሁ ሥጋ ራቋቸው።

ጉማሬን ማንም አላረባውም፤ ስለዚህ ንቀቱ ከእርባታ ሊመነጭ አይችልም። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 እሪያ ርኩስ የተባለው ስለማያመሰኳ ነው፤ ጉማሬም አያመሰኳም። ክርስቲያኑ ገበሬ ይህን ሕግ ሲጠብቅ፣ ሕጉ ከማን ጋር በአንድ ማዕድ እንደሚቀመጥ ይወስንለታል። የጉማሬው አደን ከቀረ በኋላም ንቀቱ አለመቅረቱ፣ ክልከላው ከሥጋው ይልቅ ሰውን ከሰው እንደሚለይ ያስረዳል። የመጽሐፉ ጉድለትም ይህን አለመመርመሩ ነው።