ከሸራው በፊት

በቶሮንቶ ዳንዳስ ጎዳና በሚገኘው የኦንታሪዮ የሥዕል ሙዚየም የቶም ቶምሰን «የምዕራብ ነፋስ» የተሰኘ ታላቅ ሸራ አለ። ሠዓሊው ይህን ሥራ ከ1916 ወደ 1917 እ.ኤ.አ. በተሻገሩት የበረዶ ወራት እዚሁ ከተማ ሲሠራ መነሻው አስቀድሞ በአልጎንክዊን ደን፣ ሐይቅ ዳር፣ በአንዲት ጣውላ ላይ በጥድፊያ ያሰፈረው ንድፍ ነበር። ንድፉም የዚያው ሙዚየም ንብረት ነው። ለእኔ ትንሿ ትበልጣለች።

ጣውላዋ 21 በ27 ሳንቲሜትር ያህል ናት፤ በታንኳ በሚጓጓዝ ሣጥን የምትያዝ። ቶምሰን የነበረው ጊዜ ደመናው እስኪያልፍ ብቻ ነው። ስለዚህ ቅርንጫፍ አይቆጥርም፤ ቅርንጫፉን ያጎበጠውን ኃይል ይይዛል። በትልቁ ሸራ ግን ጥዱ በጌጠኛ መስመር ተቀምሯል (ሰውየው በማስታወቂያ ሥዕል ይተዳደር እንደ ነበር ያስታውቃል)፤ ነፋሱም ፎቶግራፍ እንደሚነሣ ሰው ቀጥ ብሎ ቆሟል።

ይህን ልዩነት ከሙያዬ አውቀዋለሁ። በታማሚው አልጋ አጠገብ ቆመው የጫሯት ማስታወሻ፣ ኋላ ተስተካክሎ ከሚተየበው ዘገባ ይልቅ ብዙ ጊዜ ታማሚውን ትመስላለች። ጥድፊያ አላዋቂነት አይደለም፤ ምን መተው እንዳለበት ያወቀ እጅ ነው የሚፈጥነው። ቶምሰን ቅጥር ሥራውን ትቶ እንዲሥል የአንድ ዓመት ወጪውን ልሸፍን ያለውም የቶሮንቶው የዓይን ሐኪም ጄምስ ማካለም ነበር። በሙያ ባልደረባዬ ብኮራ አይፈረድብኝ።

እኛ ንድፍን «ያላለቀ» ለማለት እንቸኩላለን። የቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ሰዓትና የአየር ጠባይ አያውቅም፤ ዘላለምን ነውና የሚያሳየው፣ ክብሩም እዚያ ላይ ነው። የስደት ድርሰታችን ግን ይህንኑ ዘላለም ያለ ቦታው ወርሷል። ኮረብታው ሁልጊዜ ለምለም፣ ወንዙ ሁልጊዜ ሙሉ፣ እናት ሁልጊዜ ቡና ስትቆላ። ሁላችንም በበረዶ ወራት፣ ቤት ዘግተን፣ ትልቁን ሸራ እንሥላለን፤ ጣውላይቱ ግን በእጃችን የለችም። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ በሚወርድ አውቶቡስ ውስጥ፣ አቧራው ሳይራገፍ የተጻፈች አንዲት ገጽ ብናገኝ ስንቱን ወፍራም ትዝታ እንለውጥባት ነበር! የዳንፎርዝ ጎዳና ማለዳስ፣ የሱቆቻችን መዝጊያ ሲከፈት፣ ማን ጻፈው?

ቶምሰን በሐምሌ 1917 እ.ኤ.አ. በ39 ዓመቱ ካኑ ሐይቅ ላይ ሞተ። የዚያ ዓመት ጸደይ ጣውላዎቹ ወደ ሸራ ሳይዛወሩ ቀሩ፤ እየቀለጠ ያለው በረዶ ዛሬም በላያቸው እርጥብ ነው።