ግሱ ከተምታታ መፍቻው ይሳሳታል፤ ስለ ናፍጣ ሞተር ብልሽት ስያሜዎች የቀረበ ሂስ

1. መነሻ

ለቴክኒክ ሙያ የአማርኛ ስያሜ የሚያወጡ ሰዎች ሥራቸውን ዘወትር የሚጀምሩት ከዕቃ ስም ነው። ፓምፑ ምን ይባል፣ ማጣሪያው ምን ይባል፣ ቱቦው ምን ይባል እያሉ ዝርዝር ያዘጋጃሉ፤ ለእያንዳንዱ ባዕድ ስም አንድ አቻ ሲገኝለትም ሥራው እንደ ተፈጸመ ይቆጠራል። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንተቸው ይህንኑ ልማድ ነው። ለማሳያነት የመረጥነው የናፍጣ መኪና አልነሣ ሲል ብልሽቱን ለይቶ የማወቅን ሙያ ነው። በዚህ ሙያ መካኒኩ አስቀድሞ የሚያገኘው ዕቃን ሳይሆን ምልክትን ነው፤ ምልክት ደግሞ በአብዛኛው በግስ ይነገራል። ግሱ ከተምታታ የዕቃዎቹ ስም የቱንም ያህል ቢያምር መመሪያው አንባቢውን ወዳልተበላሸው ዕቃ ይመራዋል።

2. «አልነሣ አለ»

ባለመኪናው ጋራዥ ደርሶ «መኪናው አልነሣ አለ» ሲል ሕያው አማርኛ መናገሩ ነው። ግዑዙን ነገር እንደ እምቢተኛ የሚያስቆጥረው ይህ አነጋገር ለጨዋታ የተመቸ ቢሆንም ለምርመራ ግን እጅግ ሰፊ ነው። በውስጡ ቢያንስ አራት የተለያዩ ሁኔታዎችን ይዟል፤

ሀ/ ሞተሩ አይዞርም። ጥርጣሬው በባትሪው፣ በሽቦው ወይም በሞተሪኖው ላይ ነው።
ለ/ ሞተሩ ይዞራል፤ ነገር ግን አይነሣም።
ሐ/ ይነሣና ወዲያው ይጠፋል።
መ/ ብዙ ከዞረ በኋላ በግድ ይነሣል።

ሁለተኛው ሁኔታ ራሱ እንደገና ይከፈላል። ሞተሩ ሲዞር ከጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ ከታየ በአብዛኛው ነዳጁ ሲሊንደሩ ዘንድ ደርሷል፤ ግን አልተቀጣጠለም፤ ስለዚህ የሚመረመረው ሙቀቱና እምቅታው ነው። ጭስ ጨርሶ ካልታየ ግን ነዳጁ አልደረሰም ተብሎ ይጠረጠራል። እንግዲህ «አይዞርም»፣ «አይነሣም» እና «አይቀጣጠልም» የሚሉት ሦስት ግሶች ወደ ሦስት የተለያዩ የሞተር ክፍሎች ይወስዳሉ። ተርጓሚው ሦስቱንም «አይሠራም» ብሎ ሲጠቀልላቸው የምንጩን ጽሑፍ እውቀት ጥሎ ማለፉ ነው።

አራተኛውን ሁኔታ በሚመለከት ሌላ ስሕተት ይታያል። እንግሊዝኛው በሁለት ቃል የሚገልጸውን ሐሳብ ቃል በቃል «ከባድ ማስነሻ» ብሎ የሚመልስ ሰው የአማርኛን የስም አወጣጥ ሥርዓት ዘንግቷል። «ማስነሻ» የመሣሪያ ስም ስለ ሆነ አንባቢው የሚረዳው ክብደት ያለው ሞተሪኖ እንደ ተጠቀሰ ነው። «የማስነሣት ችግር» ቢባልም ጣት የሚቀሰረው በሚያስነሣው ሰው ወይም በሚያስነሣው ዕቃ ላይ ነው፤ «የመነሣት ችግር» ሲባል ግን በሞተሩ ላይ ነው። በአድራጊና በተደራጊ መካከል ያለው ይህ ልዩነት ሰዋስዋዊ ብቻ ሳይሆን ምርመራውን የሚመራ ነው።

3. የሚያፈስሰው ወዴት ነው?

ከሁሉ የከፋው መምታታት የሚገኘው በነዳጅ መስመሩ ላይ ነው። «መስመሩ ያፈስሳል» የሚለውን ዐረፍተ ነገር እንመልከት። በአማርኛ እንስራው ያፈስሳል፤ ጣራውም ያፈስሳል። እንስራው ሲያፈስስ በውስጡ ያለው ወደ ውጭ ይወጣል፤ ጣራው ሲያፈስስ የውጩ ወደ ውስጥ ይገባል። ተናጋሪው ነገሩን ስለሚያውቀው አይሳሳትም። የነዳጅ መስመር ግን እንደ ቦታው አንድ ጊዜ እንስራ፣ አንድ ጊዜ ጣራ ነው።

በብዙ የናፍጣ መኪኖች ፓምፑ ነዳጁን ከማጠራቀሚያው ይስባል። ከፓምፑ በፊት ባለው ክፍል መጋጠሚያው ከላላ ወይም ቱቦው ከተሰነጠቀ፣ ሞተሩ ሲሠራ አየር ወደ ውስጥ ይገባል እንጂ ነዳጅ ወደ ውጭ ላይንጠባጠብ ይችላል። መኪናው ሲያድር ነዳጁ ወደ ማጠራቀሚያው ይመለሳል፤ ጠዋትም በግድ ይነሣል ወይም ይነሣና ይጠፋል። «የሚያፈስስ ቱቦ ፈልግ» የሚል መመሪያ የያዘ መካኒክ እርጥበት ይፈልጋል፤ እርጥበት ባያገኝም መስመሩን ነጻ ያወጣና ደኅናውን ፓምፕ ይፈታል። «አየር የሚስብ መጋጠሚያ ፈልግ» ቢባል ግን ብርሃን አሳላፊ ቱቦ ቀጥሎ አረፋ ያያል። በሁለቱ ትእዛዞች መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት አንድ ፓምፕ ነው።

ስለዚህ ለመውጣት «ያንጠባጥባል»፣ ለመግባት «አየር ይስባል» የሚሉት ተለይተው ይጽደቁ እንላለን። መስመሩም «ሳቢ መስመር» እና «ገፊ መስመር» ተብሎ ቢከፈል ይበጃል። ፓምፑ በማጠራቀሚያው ውስጥ በሚገኝባቸው መኪኖች ከፓምፑ ወዲህ ያለው መስመር ገፊ ስለሚሆን ክፍፍሉ ለእነርሱም ያገለግላል። «የስበት መስመር» የሚለውን ግን አንደግፍም፤ «ስበት» በፊዚክስ የመሬትን ስበት ለመግለጽ ቦታውን ይዟልና።

4. ስለ እጅ ደኅንነት

በመካኒካዊ ፓምፕ በሚሠሩት ሞተሮች ላይ የመርጫ ቱቦውን ዳዶ ላላ አድርጎ ሞተሩን በሞተሪኖ በማዞር አየር ማስወጣት የተለመደ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በመንገደኞች መኪና ላይ በዋለው የኮመን ሬይል ሥርዓት ግን በከፍተኛ ግፊት ቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ከ1000 ባር ያልፋል፤ በኋለኞቹ ሞዴሎች 2000 ባርና ከዚያ በላይ ይደርሳል። በዚህ ግፊት የሚወጣ ቀጭን የነዳጅ ፍንጣቂ ቆዳ በስቶ ይገባል፤ ቁስሉ የመርፌ ቀዳዳ ቢመስልም አስቸኳይ ቀዶ ሕክምና የሚያሻው ነው። እንግዲህ «የነዳጅ ቱቦውን አላላ» ብሎ ሳይለይ የሚጽፍ ተርጓሚ በሰው እጅ ላይ ይፈርዳል። «የከፍተኛ ግፊት ቱቦ» የሚለው ሐረግ ረዘመ ተብሎ ሊያጥር አይገባውም።

5. ውሰት ቃላት በደል አለባቸውን?

አንዳንዶች ችግሩን ሁሉ ከጣሊያንኛ በገቡት የጋራዥ ቃላት ላይ ይጥላሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። «ሞተሪኖ»፣ «ዳዶ»፣ «ካንዴላ» እያንዳንዳቸው አንድ ነገር ብቻ ስለሚጠሩ መካኒኩን አያሳስቱትም። እንዲያውም ጣሊያንኛው «ካንዴላ» ብሎ የቤንዚን ሞተርን የእሳት ፈንጣቂ፣ «ካንዴሌታ» ብሎ የናፍጣ ሞተርን ማሞቂያ ይለያል። ሁለተኛው እሳት አይፈነጥቅም፤ ግሎ የሲሊንደሩን አየር ያሞቃል እንጂ። ሁለቱንም «ሻማ» ብሎ የሚመልስ ሰው ውሰቱን አስወግዶ ልዩነቱንም አብሮ ይጥለዋል። አማርኛ ስም ካስፈለገ «ጋለ» ከሚለው ግስ «ማጋያ» ማለት ይቻላል።

ጥንቃቄ የሚያሻው ውሰቱ ከሳይንስ ቃል ጋር ሲጋጭ ነው። «ናፍጣ» በአማርኛ የዲዝል ሞተር ነዳጅ ነው፤ በኬሚስትሪ መጻሕፍት ተመሳሳይ ድምፅ ያለው ቃል የሚጠራው ግን ከላምባ የቀለለውንና በቶሎ የሚቀጣጠለውን የነዳጅ ዘይት ክፍልፋይ ነው። «ቤንዚን»ም እንዲሁ የመኪና ነዳጅም፣ ስድስት ካርቦንና ስድስት ሃይድሮጅን ያለው ውሑድም ተብሎ ሊነበብ ይችላል። እዚህ ላይ የድምፅ መመሳሰልን ተከትሎ መተርጎም አደገኛ ነው። ሕዝቡ የያዘው ፍች ይጠበቅ፤ ለኬሚስትሪው ግን የተለየ ስያሜ ይውጣለት።

6. ማጠቃለያ

የሙያ ቃል የሚመዘነው በንጽሕናው ሳይሆን በመለየት ችሎታው ነው። ስለዚህ ለቴክኒክ ዘርፍ ስያሜ ሲዘጋጅ ከዕቃዎቹ ዝርዝር ጎን የምልክቶች ዝርዝር፣ ይኸውም የግሶች ዝርዝር፣ እንዲዘጋጅ እናሳስባለን። ማንኛውም የብልሽት ስያሜ ከመጽደቁ በፊትም ለመካኒክ ተነቦ «ይህን ብትሰማ መጀመሪያ የምትፈታው የቱን ነው?» ተብሎ ይጠየቅ። መልሱ ከአንድ በላይ ከሆነ ስያሜው ገና አልበሰለም።