በላ ልበልሃ፦ አንደበቱና ጆሮው

የበጌምድር ተሟጋች በመድረክ ላይ ሲቀርብ ዘወትር አንድ ዓይነት ሰው ነው። ኩታውን አደግድጎ፣ ዘንጉን ጨብጦ ብድግ ይላል፤ «በላ ልበልሃ!» ብሎ ቤት የሚመታ ግጥም ያወርዳል፤ ባለጋራው አንገቱን ይደፋል፤ ተመልካቹም ያጨበጭባል። ትዕይንቱ ያምራል። ይሁን እንጂ ከሙግት ጥበብ የቀረበልን ደጃፉ ብቻ ነው።

ደብረ ታቦር በ19ኛው ክፍለ ዘመን የየጁ ራሶች፣ ኋላም የዓፄ ቴዎድሮስ መቀመጫ ስለነበረች ለችሎት እንግዳ አልነበረችም። የአካባቢውን ገበሬ ሙግት ያስተማረው ግን ከችሎቱ ይልቅ ርስት ነው። ርስት በአባትም በእናትም ወገን ይወረስ ስለነበር፣ የጋይንት ወይም የእስቴ ሰው ድርሻውን ለማስከበር የራሱን ትውልድ እስከ አቅኚው አባት መቁጠር፣ የባለጋራውንም ቆጠራ ሳይስት መከተል ነበረበት። ዳኛ በሌለበትም «በሕግ አምላክ!» ተባብለው አላፊ አግዳሚውን የመንገድ ዳኛ አድርገው ይሟገቱ ነበር።

ግጥሙ የዳኛውን ጆሮ ያነቃል፤ ነገሩን የሚቆርጠው ግን ተጠየቅ ነው። ጠያቂው በአጫጭር ጥያቄ ባለጋራውን «እመን ወይም ካድ» ወደሚባልበት ጠባብ በር ያደርሰዋል። ያመነለትን ይዞ ወደሚቀጥለው ይሻገራል፤ የካደውን በምስክር አስረዳለሁ ብሎ በማር ወይም በበቅሎ ይወራረዳል። ውርርዱ ትምክህት ብቻ አልነበረም። ተሟጋቹ ከብዙው ቅሬታው መካከል ሊያስረዳ የሚችለውን ፍሬ ነገር እንዲመርጥ፣ የቀረውን እንዲተው ያስገድደው ነበር። «ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል» የሚለው ምሳሌ ለአንደበተ ርቱዕ ሙገሳ ሆኖ ይጠቀሳል፤ በደንብ ላጤነው ግን ማስጠንቀቂያ ነው። ሰው በገዛ ቃሉ ይፈረድበታል። ስለዚህ የበረታው ተሟጋች ያቺ ቃል ከባለጋራው አፍ እስክትወጣ በትዕግሥት የሚያዳምጥ ነው።

በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 137 መስቀለኛ ጥያቄ የምስክሩ ቃል የተሳሳተ፣ የሚያጠራጥር ወይም ሐሰት መሆኑን ለማሳየት እንዲቀርብ ደነገገ፤ በዋናው ጥያቄ ያለ ፍርድ ቤቱ ፈቃድ የከለከለውን መሪ ጥያቄም እዚህ ላይ ፈቀደ። ቅርጹ በአመዛኙ የእንግሊዞች ነው፤ ይዘቱ ግን በተጠየቅ ላደገ ገበሬ ባዕድ አይሆንም። እንዲያውም መስቀለኛ ጥያቄ ላይ ቆሞ «ለምን?» እያለ የሚጠይቅ ወጣት ጠበቃ ከዚያ ገበሬ ብዙ ሊማር ይችላል። «ለምን?» የተባለ ምስክር ያመለጠውን ቃል ማቃኛ ጊዜ ያገኛል፤ «እመን ወይም ካድ» የተባለ አያገኝም።

ይህ ማለት ያለፈውን ማሞካሸት አይደለም። በቅሎ የሌለው በምን ይወራረዳል? አንደበቱ የተሳሰረ ሰው እውነትን ይዞ ይረታ ነበር፤ ወይም ጉዳዩን ለነገረ ፈጅ አስረክቦ በነገረ ፈጁ ሐቀኝነት ላይ ይንጠለጠል ነበር። የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ሲሽር ያ የሙግት ትምህርት ቤትም ተዘጋ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 ጠበቃ ለማቆም አቅም የሌለው ተከሳሽ ፍትሕ የሚጓደልበት ሲሆን በመንግሥት ወጪ ጠበቃ እንዲያገኝ መደንገጉ፣ ያ አንደበቱ የተሳሰረ ሰው ዛሬም በችሎት ፊት መኖሩን የተቀበለ ነው።

በመድረካችን ላይ ይህ ሰው የለም። ግጥም አዋቂው ሲያሸንፍ እናያለን እንጂ ግጥም የጎደለው ባለ እውነት ወደ ቤቱ ሲመለስ አናይም። ዘንጉን ተደግፎ፣ የባለጋራውን ቃል አንድ በአንድ እያጠራቀመ ዝም የሚለው ተሟጋችም እምብዛም አይታይም፤ ተውኔት ጸሐፊዎቻችን ዝምታን ለተዋናይ ማጻፍ ይፈራሉና።